የአጥቢያ ኮከብ ሚዛን

ዓለሚቱ ገሳይ ላይ ሳይንስ የምታስተምር ሴት ነበረች። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፍ መኪና ሁሉ አቧራውን ጥሎባት በሚሄድ በዚያች ትንሽ ከተማ፣ በቆርቆሮ ክዳን ትምህርት ቤት፣ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ታስተምራለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ረባሾች እንኳ ምን እንደምትል ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ። ሌላ መምህር በአለንጋ የማያገኘውን ጸጥታ እሷ በሹክሹክታ ታገኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ አንድ ሀብት ነበረው። ሐኪሞች አሮጌ ነው ብለው የጣሉት፣ ሰው ቆሞ የሚመዘንበት ሚዛን። የፊቱ ቁጥር በዝገት ተበልቶ አይነበብም፤ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ ግን ደህና ነበር። ዓለሚቱ መስታወቱን ፈታች፣ ካርቶን በክብ ቆረጠች፣ ከባለሱቅ በተዋሰችው የኪሎ ድንጋይ እየለካች በቻይና ቀለም ቁጥሩን ጻፈችና አዲስ ፊት አበጀችለት። ሠርታ ስትጨርስ አንድ ፊት አልበቃትም። ለጨረቃም ሠራች፤ ለማርስ፣ ለቬነስና ለጁፒተርም ሠራች። ቀስቱ የሚቆመው እዚያው ቦታ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ቁጥር ግን እንደየዓለሙ ስበት ይለያያል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ የስበት ትምህርት ሲደርስ፣ ሚዛኑ ከዕቃ ቤት ይወጣል። ያን ቀን የሚቀር ተማሪ የለም።

«ውዴ፣ ነይ ውጪ» ትላለች። ውዴ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። በመሬት ፊት አርባ ሁለት። ዓለሚቱ የጨረቃን ፊት ትሰካለች፤ ሰባት። የጁፒተርን ትሰካለች፤ መቶ ስድስት።

«ኧረ ጉድ! ጁፒተር ላይ ማን ያገባታል!» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ሥጋዋም አጥንቷም ያው ነው» ትላለች ዓለሚቱ። «አልወፈረችም፣ አልከሳችም። የተለወጠው የቆመችበት ዓለም የሚስባት ጉልበት ነው።»

«መምህርት፣ ጨረቃ ላይ እንጨቱም ይቀላል?» ትላለች ውዴ ከሚዛኑ ሳትወርድ። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ለቤቷ እንጨት የምትሸከም ልጅ ናት።

«ከስድስቱ እጅ አምስቱ ይቀንስልሻል።»

«እንግዲያስ እዚያ ሄጄ ነው የምለቅም።»

«እንጨት የት አለና! ባዶ ድንጋይ ነው አሉ» ይላል ያው ልጅ።

«አንተ ዝም በል። ድንጋይም ቢሆን ይቀላል።»

በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት፣ በዚህ ትምህርት ላይ አንድ እንግዳ ተገኝቶ ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ በላይነህ። ለጉብኝት መጥቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ አላስችለው ብሎ እሱም ወጣ። ሰማንያ ኪሎው በማርስ ፊት ሠላሳ ሆነለት። ሳቀ፣ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ዓለሚቱ ስትቀጥል፣ ሰው ከመሬት እምብርት በራቀ ቁጥር ስበቱ እንደሚላላ ስትናገር ሰማ።

«እንዴ! ጉና ተራራ ላይ የወጣ ሰው ይቀላል ማለት ነዋ!»

«ይቀላል፣ ግን...» አለች። ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ ተንጋጉ፣ ጓድ በላይነህም ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ያቺን «ግን» ሳይሰማት ሄደ።

ዓለሚቱ ባል የላትም፤ ያላት ወንድሟ ይርጋ ነው። እናታቸው ይርጋን በወለደች በሳምንቱ ሞተች። አባታቸውም ብዙ አልቆየ። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ሞላን ወልደው አራስ ነበሩ። አንዱን ጡት ለሞላ፣ አንዱን ለይርጋ ሰጡ፤ ትንሿን ዓለሚቱንም ከማጀታቸው አበሏት። ሁለቱ ልጆች አንድ ወተት ጠጥተው ሁለት ዓይነት ሆኑ። ሞላ ትከሻው ሰፍቶ የአባቱን እርሻ ያዘ። ይርጋ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ መጽሐፍ ላይ እንደተደፋ የሚውል ልጅ ወጣው።

«የእኔው ጡት ነጥፎ ነበር መሰለኝ» ይል ነበር ይርጋ። «ደህናውን ሞላ ይዞብኛል።»

«ውሸቱን ነው፣ እታለም» ይላል ሞላ ለዓለሚቱ። «እሱ ሲጠባም እያሰበ ነበር። ወተቱ በአፉ ዳር ይፈስ ነበር ብላለች እማማ።»

ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር የብሔራዊ ውትድርና ትእዛዝ ገሳይ ሲደርስ። ይርጋ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ማትሪክ አልሆን ብሎት፣ በግል ሊፈተን እያጠና ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ወጣቱ ሁሉ ይመዘናል፤ ከሃምሳ ኪሎ በታች የሆነ ለጊዜው ይመለሳል ተባለ። ዓለሚቱ ወንድሟን መዝና ታውቃለች። አርባ ሰባት ነው። የሰማች ዕለት ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር። አፈረችም።

የሞላ ሃምሳ ሦስት ነበር። ወይዘሮ ፈንታነሽ ታላቁን ልጃቸውን ከሰባት ዓመት በፊት ሰሜን ልከው መርዶ ተቀብለዋል። ሞላ በሁዳዴ ከስቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ቢመዝኑት ያመልጥ ነበር። መዛኞቹ ግን ፋሲካን አሳልፈው መጡ። እናቲቱ ልጃቸውን እንደገና ሊያስጾሙት ቆረጡና ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ መዝገቡ ነገሯቸው።

«በበዓለ ሃምሳ?» አሉ መምሬ መዝገቡ ደንግጠው። «በበዓለ ሃምሳ መጾም ጌታ አልተነሣም ማለት እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ጌታስ ተነሣ፣ አባቴ። የእኔው ልጅ ነው የሚሞትብኝ።»

መምሬ መዝገቡ መስቀላቸውን አገላበጡ። «አልፈቅድም። ከበላ ግን ምን ያህል እንደበላ አልጠይቅም» አሉ።

ሞላ ግን በሬ ጠምዶ የሚውል ሰው ነው፤ ባዶ ሆዱን እርሻ ላይ ወድቆ ሰው ተሸክሞ አመጣው። በማግስቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ዓለሚቱ ቤት መጡ። አልተቀመጡም።

«ሚዛኑ ያንቺ አይደለም? በዚያ ነው የሚመዝኑት አሉ።»

«የትምህርት ቤቱ ነው፣ እማማ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰው የሚቀልበት አገር አለ ብላለች አሉኝ።»

«እሱ ሰማይ ላይ ነው። አይኬድበትም።»

«አይኬድበትም» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ላንቺ አላስተምርም። ብቻ አንድ ነገር የምታውቂ ከሆነ፣ አለሁ በዪኝ። ለይርጋ ያጠባሁትን አልቆጥርብሽም፤ አንቺም መለመኔን አትቆጥሪብኝ።»

አልቆጥርብሽም ያሉት ነገር ዓለሚቱን ቀኑን ሙሉ ሲቆጠቁጣት ዋለ።

እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ በሯን ዘግታ ካርቶንና ኮምፓስ አወጣች። ማርስን ብትሰካ የገሳይ ወጣት በሙሉ ይተርፍ ነበር፤ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ግን ማን ያምናል? ጨረቃማ ጭራሽ አትሆንም። ልትደፍረው የምትችለው ውሸት አንድ ብቻ ነው፤ ቬነስ። አገሬው አጥቢያ ኮከብ የሚላት፣ ስበቷ ከመሬት አሥር እጅ አንድ ያህል ብቻ የሚያንስ፣ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሰው ሃምሳ የማይሞላባት ዓለም። የድሮው ፊት ላይ ስሟ ጎልቶ ተጽፏልና አዲስ መሥራት ነበረባት።

ይርጋ አጠገቧ ተቀምጦ ካርቶኑን ያዘላት።

«የማን ነው?»

«የአጥቢያ ኮከብ።»

«ስሟን አትጽፊም?»

«አልጽፍም።»

ትንሽ አሰበና ገባው። «ለእኔ እኮ አያስፈልገኝም።»

«አውቃለሁ። ላንተ አይደለም።»

«እንዲያ ከሆነ አሳምሪው» አለና ካርቶኑን አጥብቆ ያዘ።

በመመዘኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ተሞላ። የመጣው የመቶ አለቃ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ከሁሉ በፊት ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዓለሚቱ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ስልሳ ስምንት?» አለ። «እንዴ፣ ሰባ አምስት ነበርኩ እኮ!»

 ዓለሚቱ ወደ ካርቶኑ አየች። ጓድ በላይነህ ግን እውቀቱን የሚያሳይበት ቀን መጥቶለታል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄ ከፍታ ቦታ ነው። ከፍታ ላይ ሰው ይቀላል። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፣ መምህርታችን አስተምራናለች።»

መቶ አለቃው ወደ ዓለሚቱ ዞረ። «እውነት ነው፣ ጓዲት መምህርት?»

እውነት ነበር። ገሳይ ላይ የሚቆም ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚቆመው ይቀላል፤ የአንዲት የአበሻ እንቁላል ክብደት ያህል። «ግን» የምትለው ቃል አፏ ውስጥ ነበረች።

«እውነት ነው» አለች። «ከፍ ሲሉ ይቀላል።»

«ወይ ጉድ» አለና መቶ አለቃው ከሚዛኑ ወረደ። ጸሐፊውን አንድ ነገር አስጻፈ። ያን ጊዜ ምን እንዳስጻፈ ልብ አላለችም።

ሞላ ወጣ፤ አርባ ስምንት ሆነ። «ተመለስ» ተባለ። ሜዳው ዳር ወይዘሮ ፈንታነሽ ምድሩን ሲስሙ አየቻቸው። ሌሎችም ተመለሱ፤ በመሬት ሚዛን ከሃምሳ እስከ ሃምሳ አምስት የሆኑት ሁሉ። ከዚያ በላይ የሆኑትን አጥቢያ ኮከብም አላዳነቻቸውም። ፈንታሁን የሚባል፣ ዘንድሮ ያገባ ልጅ፣ በአጥቢያ ኮከብ ፊት እንኳ ሃምሳ አራት ሆኖ ተያዘ፤ ሚስቱ ከአጥሩ ውጭ «እግዚኦ» ስትል ዓለሚቱ ጫማዋን ታይ ነበር። ይርጋ የመጨረሻ ወጣ። አርባ ሁለት ተኩል።

«ይሄስ ንፋስ ነው የሚወስደው» አለ መቶ አለቃው፣ ሰው ሳቀ። ዓለሚቱም ሳቀች።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን የመንግሥት ሰው አንዴ ከመጣ ሁለተኛ እንደሚመጣ ያውቃሉ። በዚያው ሳምንት ሞላን ጣራ ገዳም ለማሳደር ስንቅ ቋጠሩ። መነኮሳቱ እርሻ አላቸው፤ ጉልበት ያለው ሰው አይመልሱም። ሊሸኙት ሲሉ ዓለሚቱ ዘንድ ጎራ አሉ።

«ይርጋንስ አብሮት ልስደደው? ሁለት ሆነው ይሻላቸዋል።»

«እሱ ምን አስሸሸው፣ እማማ? አርባ ሰባት ነው። ያለ እኔም ሚዛን አይደርስበትም። ፈተናውም ደርሷል።»

«እንዳልሽ» አሉ።

በሰኔ መግቢያ አዲስ ትእዛዝ ወረደ። ጓድ በላይነህ በጥሩምባ ሰው ሰብስቦ ሲያነበው ዓለሚቱ ከመምህራኑ ጋር ቆማ ነበር። በከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሕዝብ ክብደቱ በተፈጥሮ የሚቀንስ መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ለደጋ አካባቢ የተወሰነው ሃምሳ ኪሎ ወደ አርባ አምስት ዝቅ ብሏል። ባለፈው የተመለሱት ሁሉ ደብረ ታቦር ሄደው እንደገና ይመዘናሉ። ጓድ በላይነህ አንብቦ ሲጨርስ ዓለሚቱን ፈልጎ አገኛትና ራሱን ነቀነቀላት፤ የሁለታችን ሥራ ነው እንደማለት።

ገና ቃሉ ሳይበርድ ታጣቂዎች መንገዱን ይዘው ነበር። ይርጋ የተያዘው ቤቱ፣ መጽሐፉ ላይ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ የመዘኗቸው እህል በሚመዘንበት ባስኩላ ነበር፤ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ድንጋይ። እንዲህ ያለው ሚዛን ከፍታ አያውቅም፣ ዓለምም አይለይም፤ ሰውየው ሲቀል ድንጋዩም አብሮት ይቀላል። ጨረቃ ላይ ቢተከል እንኳ ይርጋ አርባ ሰባት ነው። ዓለሚቱ ይህን ታውቃለች። ከመንገድ ማዶ ቆማ፣ በሰው ትከሻ መሀል፣ ዘንጉ ሲረጋ አየች።

መቶ አለቃውን ቢሮው አገኘችው። ወዲያው አወቃት፤ ወንበርም ሰጣት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ከፍታው የሚቀንሰው አንዲት እንቁላል ያህል ነው። አምስት ኪሎ አይቀንስም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነው። ሚዛኑ ላይ የነበረው ፊት የመሬት አልነበረም፤ የቬነስ ነበር። እኔ ነኝ የለወጥኩት። እኔን እሰሩኝ። ቁጥሩን ወደ ሃምሳው መልሱት። ወንድሜ አርባ ሰባት ነው።»

መቶ አለቃው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ሌላ ሰው ሰምቶሻል?»

«አልሰማም።»

«እኔ ለበላይ አካል ጽፌአለሁ። የራሴን ክብደት ምሳሌ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ሰባት ኪሎ ቀነሰብኝ ብዬ። ምስጋና መጥቶልኛል። ለሦስት አውራጃ ተላልፏል። አሁን ምን ልበል? ወጣቱን የመዘንኩት ሌላ ዓለም ላይ ነበር ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነቱ እሱ ከሆነ እኔም አንቺም ገደል ገባን። የመለስሻቸውም ልጆች እንደ ከዳተኛ ይፈለጋሉ። ወንድምሽም አይመለስም፤ አንዴ የያዙትን ይለቃሉ?» ጥቂት ጊዜ አያት። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ እሱ ነው ያሳመማት። «ሂጂ፣ እህቴ። የነገርሽኝን አልሰማሁም።»

ሦስት አውራጃ። በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። ስማቸውን የማታውቃቸው፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስምንት ኪሎ የሚሆኑ ልጆች፣ በእሷ ካርቶን ምክንያት ከየቤታቸው እየወጡ ነው።

ልጆቹን የጫነው ኦራል የጦር መኪና ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት ዘመድ እንዲሰናበት ተፈቀደ። ይርጋ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጧል።

«ቀላል ነህ ብለው ከዕቃው በላይ ሰቀሉኝ» አላት። ከዚያ ፊቷን አየ። «ነገርሽው አይደል?»

«ነገርኩት።»

«ብትጠይቂኝ አትንገሪው እልሽ ነበር።» ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ። «እማማ ፈንታነሽ እንዳትሰማ። ሞላን በእኔ የለወጠችው ይመስላታል። እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም።»

«ሙት በዪኝ።»

«ሙት» አለችው። ያን ጊዜ እንደ ልማድ ያለችው ቃል ነበር። መኪናው ሲነቃነቅ ነው ምን እንዳለች የሰማችው።

ይርጋ ከአሥመራ ወዲያ ነው ተብሎ ወሬ መጣ። ከዚያ በኋላ ወሬም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። ዓለሚቱ ትምህርቷን አላቋረጠችም። የስበት ትምህርት በየዓመቱ ይደርሳል፤ ካርቶኖቹን ምድጃ ውስጥ ስለጨመረቻቸው በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ታስተምራለች። ተማሪዎቹ ሚዛኑን አምጪልን ሲሏት ተበላሽቷል ትላቸዋለች። ጓድ በላይነህ ባገኛት ቁጥር ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም ይላታል።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ለይርጋ እንደ ወለዱት ልጅ አለቀሱ። በየቅዳሜው ለዓለሚቱ አንድ ነገር ቋጥረው ይመጣሉ፤ ቂጣም ይሁን፣ አንድ ዋንጫ ወተትም ይሁን። «ሞላዬን አትርፈሽልኝ» ይላሉ፣ አመስግነው አይጠግቡም። ዓለሚቱ ወተቱን ትቀበላለች። ሲሄዱ ለጎረቤት ልጆች ትሰጠዋለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ለመድኃኔ ዓለም፣ ሞላ ከጣራ ገዳም ተደብቆ መጣ። እናቱ ይዘውት ወደ ዓለሚቱ ቤት ገቡ። የገዳም ብጫ ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ደንድኗል፣ ፊቱ ሞልቷል፣ በበሩ ሲገባ ጎጆው ጠበበ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። ደስ ሊላት ፈለገች። መንገድ ላይ ሲመጣ ያየው ሰው እንዳለ፣ መነኮሳቱ ደህና እንደያዙት ልትጠይቀው ነበር ያሰበችው።

«ወፍረሃል» አለችው።

እንደ ስድብ ነበር የወጣው። ሞላ ብጫ ልብሱን ሆዱ ላይ ሰበሰበ። ወይዘሮ ፈንታነሽ የያዙትን የወተት ዋንጫ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ዓለሚቱን አዩዋት፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩት። በማን ፈንታ እንደተረፈ የገባቸው ይመስል፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላዩም።